ልጆችን ይዞ በመርከብ ስለ መጓዝ

በቀየት ደጋ፣ በብርድ ሌሊት፣ ሦስት አራት ልጆች በአንድ ባና ሥር ቢያድሩ ማንም አይቈጥራቸውም። ከመንዝ ወጥተው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከቤተሰባቸው ጋር በባሕር ለመንሸራሸር የመርከብ ክፍል ሲይዙ ሌላ ሥርዓት ይገጥማቸዋል፤ ይኸውም የታቀፈ ሕፃን እንኳ እንደ አንድ ሰው መቈጠሩ ነው።

ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ታይታኒክ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሰጥም 2,200 ያህል ሰዎች ተሳፍረውበት ሳለ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ለ1,178 ሰዎች ብቻ የሚበቁ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በክፍሉ ትርፍ አልጋ ቢኖርም፣ የጀልባው ስፍራ ከሞላ ሕፃን መጨመር አይቻልም።

ዕድሜም ይታያል። ብዙ ኩባንያዎች ከ6 ወር በታች፣ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞም ከ12 ወር በታች የሆነ ሕፃን አያሳፍሩም። ከአሜሪካ በሚነሡ በአንዳንድ መርከቦች በየክፍሉ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሊኖር ይገባል፤ ወላጆች በአጠገቡ ባለው ክፍል ካደሩ ግን ልጆች ለብቻቸው እንዲያድሩ ይፈቀዳል።

የእኅትን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ልማዳችን ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ልጁን ይዞ የሚጓዘው አጎት ወይም የክርስትና አባት ነው። ቤተ ክርስቲያን በ40 እና በ80 ቀን ሕፃናትን ስታጠምቅ ኃላፊ እንደምትጠይቅ፣ መርከቡም ኃላፊ ይጠይቃል፤ ቃል ብቻ ግን አይበቃውም። ወላጆች የፈረሙበትና በውል አዋዋይ ፊት የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያሻል። ይህን የዘነጋ ልጆቹን እያስለቀሰ ከወደብ ይመለሳል፤ የከፈለውም ገንዘብ ሊቀርበት ይችላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ አስቀድሞ የልጆቹን ቍጥርና ዕድሜ አስታውቃችሁ የኩባንያውን ደንብ በጽሑፍ እንድትቀበሉ እንመክራለን።