«በምን ቦታ ነው የሚባለው?»

ባለፈው ኅዳር ሁሩታ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ስንዴው ደርሷል፣ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ ይዞራሉ። በቤቱ ውስጥ ግን ኩርፊያ ነበር። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባችው የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ከ20 ያገኘችው 6 ነው።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። በየማታው 30 ቃል ትሸመድዳለች። ደብተሯን ከመሃል በመስመር ከፍላ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛውን ትርጉም አንድ ለአንድ ደርድራለች።

ደብተሩን ተቀብዬ «ዌር?» አልኳት።

«መልበስ!»

«ግላስ?»

«ብርጭቆ!»

«እሺ፣ ሂ ዌርስ ግላሲስ ሲልስ?»

«ብርጭቆ ይለብሳል» አለችና ራሷ ሳቀች። ሳቋ አልቆየም። «ቃሎቹን እኮ አውቃቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ ሲመጡ ግን ሌላ ይሆኑብኛል» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እውነቷን ነው። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ መነጽር እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ «ዌር» ይበቃዋል። ከጎረቤት ምጣድ እንዋሳለን፣ ብር ግን እንበደራለን። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል። የሁለት ቋንቋ ቃላት እንደ ጫማ ጥንድ ጥንድ ሆነው አይገኙም።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ውጤት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። የእህቴ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። የላቲኑን ፊደል በቁቤ አንብባ አድጋለችና ፊደሉ አልቸገራትም። አሁን ግን ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆኗል። ቃሉ ካልገባት ትምህርቱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ይህ ችግር የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ሲያስተምሩ ገጥሟቸዋል። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ፣ ቃሉ እንዴት እንደሚገባ በምሳሌ ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አሳተመው። ዛሬ ተማሪዎቻችን «አድቫንስድ ለርነርስ» የሚሉት መጽሐፍ መነሻው ይህ ነው። እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታውም መዝገበ ቃላት አይጣልም፤ ደጁን ይከፍታል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ስለዚህ 30 ቃሉን ወደ 5 አወረድነው። ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት መስመር ተመደበ፦ ፍቺው በቀላል አነጋገር፣ ከመጽሐፉ የተገኘ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከራሷ ኑሮ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ቃል «ሀርቨስት» ነበር። «ዊ ሀርቨስት አወር ዊት ኢን ኖቬምበር» ብላ ጻፈች።

እናቴ ጥጧን እየፈተለች ትሰማ ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም። «በምን ቦታ ነው የሚባለው?» አለች።

«ስንዴ ሲደርስ እማማ፣ ምርት ሲሰበሰብ።»

«ሲታጨድ ነው ሲወቃ?»

ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። መዝገበ ቃላቱ ተገለጠ፤ ሰብልን ቆርጦ መሰብሰብ ይላል። መውቃቱ «ትሬሽ» የሚባል ሌላ ቃል ሆኖ ተገኘ። «ታዲያ ኮምባይነሩ ሁለቱንም ነዋ የሚሠራው» አለች እናቴ። በዚያች ማታ ልጅቷ ሁለት ቃል ተማረች፤ አስተማሪዋም አንድም እንግሊዝኛ የማያውቁ አያቷ ነበሩ።

ብዙ ወላጆች «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅ፣ ምን እንረዳታለን?» ስትሉ እሰማለሁ። ልጁ የሚያውቀውን ቃል ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ነው ፍቺው የሚጠራለት። እናንተ ያ የማያውቅ ሰው ሁኑለት። እራት ላይ አንድ ቃል ይምረጥና ይንገራችሁ፤ «በምን ቦታ ነው የሚባለው? ለእኛ ቤት ቢሆን እንዴት ትለዋለህ?» በሉት። ካልመለሰ አትቆጡ፤ ፈልጎ ነገ እንዲነግራችሁ ቀጠሮ ስጡት። አነባበቡን ለመምህሩ ተዉለት፤ በቁቤ «ጥ» ተብሎ የሚነበበው የ«ኤክስ» ፊደል በእንግሊዝኛ እንደዚያ አይነበብምና።

አምስት ቃል ያንሳል የሚል ይኖራል። በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን 25 ነው፤ በ30 ሳምንት 750 ይሆናል። ያውም የማይረሳ 750።

በታኅሣሥ እህቴ ደወለች። ከ20 11 አምጥታለች። ገና ብዙ ይቀራታል። «አሁን ግን ደብተሯን የምትገልጠው እናታችን አጠገብ ተቀምጣ ነው» አለችኝ።