የግሬይሃውንድ ውድድር፦ እገዳው ለውሾቹ ሲባል ነው ወይስ ጠበቃ ስላጣ?

የኒውዚላንድ መንግሥት እ.አ.አ ታኅሣሥ 10 ቀን 2024 የግሬይሃውንድ ውሾች ውድድር እንዲቀር መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ከውሳኔው ጋር ወደ ፓርላማ የሄደ ሌላ አጭር ሕግም ነበር። በአስቸኳይ የጸደቀው ይህ ሕግ የውድድር ውሾችን ያለ በቂ ምክንያት መግደልን ይከለክላል። ጥድፊያው ስለ ዘርፉ ከብዙ መግለጫ በላይ ይናገራል። ውድድሩ ሊቆም ነው ሲባል መንግሥት በመጀመሪያ የሠጋው፣ ውሾቹ ከእንግዲህ ገንዘብ አያመጡም ተብለው እንዳይገደሉ ነበር።

ውሳኔውን ይፋ ያደረጉት የውድድር ጉዳዮች ሚኒስትሩ ዊንስተን ፒተርስ ናቸው። አንጋፋው ፖለቲከኛ በእንስሳት መብት ተሟጋችነት የሚታወቁ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም የፈረስ እሽቅድምድም የቆየ ወዳጅ ናቸው። የውሻ ውድድሩ ዘርፍ በቅርብ ዓመታት መሻሻል ማሳየቱንም አልካዱም። ሆኖም የሚጎዱት ውሾች መጠን አሁንም ከፍተኛ ነው ብለዋል። በ2013፣ በ2017 እና በ2021 የወጡ ሦስት ግምገማዎች ዘርፉ አሠራሩን እንዲያስተካክል አሳስበው ነበር። መንግሥት አሁን የሰጠው የሽግግር ጊዜ 20 ወራት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 2,900 ለሚጠጉ ውሾች አሳዳጊ ሊገኝ፣ ከ1,000 በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞችም ሌላ መተዳደሪያ ሊፈልጉ ነው።

ክርክሩ የኒውዚላንድ ብቻ አይደለም። በውርርድ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የግሬይሃውንድ ውድድር ዛሬ የቀረው በጥቂት አገሮች ሲሆን፣ ዋነኞቹ አውስትራሊያ፣ አየርላንድና ብሪታንያ ናቸው። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኙ ሁለት መሮጫዎች ብቻ ቀርተዋል። በሁሉም ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ማስረጃውም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ውሳኔው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ደግሞ የውሾቹ ሁኔታ ብቻ አይደለም።

ግሬይሃውንድ አዳኝ ውሻ ነው፤ የሚያሳድደውን በሽታ ሳይሆን በዓይኑ ይከተላል፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥም ይችላል። በሞተር የምትጎተት ሰው ሠራሽ ጥንቸል የሚያሳድዱበት ዘመናዊው ውድድር በ1919 በካሊፎርኒያዋ ኤመሪቪል ተጀምሮ፣ በ1926 በማንቸስተሩ የቤል ቪው ስታዲየም ወደ ብሪታንያ ገባ። ዛሬ በጭካኔ የሚከሰሰው ይህ ውድድር በጊዜው እንደ ርኅራኄ የታየ ነበር፤ ውሾች በሕይወት ያለች ጥንቸል አሳድደው የሚቦጫጭቁበትን የቀድሞውን ጨዋታ የሚተካ ነበርና።

የአደጋው ምንጭ መሮጫው ራሱ ነው። በብሪታንያ ስድስት፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እስከ ስምንት ውሾች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። ሁሉም አንዲቱን ጥንቸል ስለሚያሳድዱ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ አንድ ቦታ ይታፈናሉ፤ ይጋጫሉ፤ ይወድቃሉ። ሩጫው ወደ ግራ የሚዞር በመሆኑ በኩርባው ላይ ከባድ ጫና ከሚያርፍባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ የኋላ ቀኝ እግር ቁርጭምጭሚት ነው፤ እዚያ ያለው ትንሽ አጥንት ሲሰበር የውሻው የሩጫ ዘመን አብሮ ሊያበቃ ይችላል። በሲድኒ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀጥተኛ መሮጫ እንዲሠራና የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር እንዲቀንስ መክረው ነበር። ለውርርዱ የለመደውን መልክ የሚሰጠው ግን ኩርባውና ግርግሩ ስለሆነ፣ ምክሩን ሙሉ በሙሉ መቀበል ለዘርፉ ቀላል አልሆነም።

የብሪታንያ አሃዞች ክርክሩ ለምን እንደማይቋጭ ያሳያሉ። ውድድሩን የሚቆጣጠረው የታላቋ ብሪታንያ ግሬይሃውንድ ቦርድ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024 በመሮጫዎቹ 3,809 ጉዳቶች ተመዝግበዋል፤ 123 ውሾችም እዚያው ሞተዋል። ቦርዱ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስቀምጠዋል፦ ጉዳት የደረሰው ከጠቅላላው ሩጫ በ1.07 በመቶው ብቻ ነው፤ ይህም እስካሁን ከተመዘገበው ዝቅተኛው ነው። ሁለቱም አሃዞች ትክክል ናቸው። ነገር ግን መቶኛው የሚሰላው በአንድ ሩጫ እንጂ በአንድ ውሻ አይደለም። ውሻው የሚሮጠው አንዴ ብቻ አይደለምና። በዓመት 30 ጊዜ ይሮጣል ብንል፣ በዚህ ስሌት ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጎዳት ዕድሉ ከሩብ በላይ ይሆናል። በእርግጥ ከጉዳቶቹ ብዙዎቹ ቀላልና የሚድኑ ናቸው፤ የጡንቻ መሳሳብም ስብራትም እኩል እንደ አንድ ጉዳት ይቆጠራሉ።

ዘርፉ ምንም አላደረገም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ከ2020 ጀምሮ እያንዳንዱ ውሻ ሲመዘገብ፣ ከውድድር በኋላ ቤት ለማግኘቱ መያዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥለታል። የሕክምና ወጪን ለመቆጠብ ሲባል የሚገደሉ ውሾች ቁጥር ከ2018 ወዲህ በ98 በመቶ መቀነሱን ቦርዱ ይገልጻል። ይህም ሆኖ በመስከረም 2022 አርኤስፒሲኤ፣ ዶግስ ትረስትና ብሉ ክሮስ የተባሉት ታላላቅ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ውድድሩ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ጠየቁ። ጥሪውን ያከበደው ከማን መምጣቱ ነው። ድርጅቶቹ ለዓመታት ከዘርፉ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ማሻሻያ ሲደራደሩ የቆዩ ናቸው። የደረሱበት መደምደሚያ፣ ክብ መሮጫ ላይ የሚደረገው ውድድር በባሕርይው አደገኛ ስለሆነ ማሻሻያ አይበቃም የሚል ነው።

ማስረጃ ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እገዳው አስቀድሞ ሊጸና ይገባው የነበረው በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ነበር። በ2015 የተላለፈ የቴሌቪዥን የምርመራ ዘገባ አንዳንድ አሠልጣኞች በሕይወት ያሉ ትናንሽ እንስሳትን ለውሾች ማለማመጃ ሲያደርጉ አጋለጠ። የቀድሞው ዳኛ ማይክል ማክሂው የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ደግሞ በ12 ዓመታት ውስጥ ከ48,891 እስከ 68,448 የሚገመቱ ውሾች ለውድድር አልበቁም በሚል መገደላቸውን ደመደመ። የግዛቲቱ መሪ ማይክ ቤርድ በሐምሌ 2016 እገዳውን አወጁ፤ ምክር ቤቱም ሕጉን አጸደቀ። በጥቅምት ወር ግን ቤርድ ተሳስቻለሁ ብለው ሻሩት።

በመካከሉ የማክሂው ሪፖርት አልተለወጠም። የተለወጠው የፖለቲካው ሒሳብ ነበር። በግዛቲቱ የገጠር ከተሞች ውሻ ማርባትና ማሠልጠን የሺዎች መተዳደሪያና የቤተሰብ ልማድ ነው። እገዳውን ሲድኒ ያሉ ምሁራን በሠራተኛው ሕዝብ ላይ የጫኑት ንቀት አድርገው ያዩት ብዙዎች ነበሩ። የመንግሥቱ ተጣማሪ ብሔራዊ ፓርቲ ከሕጉ መሻር በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ የያዘውን የኦሬንጅ ወንበር በማሟያ ምርጫ አጣ። ቤርድም በጥር 2017 ከሥልጣን ለቀቁ። በአውስትራሊያ ይህ ታሪክ እገዳ ለማሰብ ለሚደፍር ፖለቲከኛ ሁሉ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሆኖ ቆይቷል።

ዌልስ የቀረበችው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። እዚያ ያለው ፈቃድ ያለው መሮጫ አንድ ብቻ ነው፤ በኢስትራድ ማናክ የሚገኘው። የዌልስ መንግሥት በየካቲት 2025 ውድድሩን እንደሚያግድ ያስታወቀው፣ በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ስላልነበረው በጀቱን ለማሳለፍ ከሊበራል ዴሞክራቷ ጄን ዶድስ ጋር በተስማማበት ሰሞን ነበር። የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ መሪ ጄረሚ ሮክሊፍም በነሐሴ 2025 ውድድሩ እስከ 2029 እንዲያበቃ እንደሚሠሩ የተናገሩት፣ ለአናሳ መንግሥታቸው የሌሎች እንደራሴዎችን ድጋፍ በሚሹበት ወቅት ነው። ይህ የውሳኔዎቹን ቅንነት አያሳጣም። ሆኖም የእንስሳት ደኅንነት ጥያቄ በር የሚከፈትለት፣ ተቃዋሚው ጥቂት ሲሆንና ደጋፊው አንድ ወሳኝ ድምፅ በእጁ ሲይዝ መሆኑን ያሳያል። ብዙዎቹ መሮጫዎች በሚገኙባት እንግሊዝ የለንደኑ መንግሥት የማገድ ዕቅድ የለኝም ብሏል።

ከድምፅ ቀጥሎ ገንዘብ አለ። በፍሎሪዳ ብዙ መሮጫዎች ተመልካች እያጡ እንኳ የሚቀጥሉት ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ነበር፤ አትራፊውን የፖከር ቁማር ለማጫወት የውሻ ውድድር ማካሄድ ግዴታ ነበረባቸው። በኅዳር 2018 በተሰጠው ሕዝበ ውሳኔ 69 በመቶ ያህሉ መራጭ እገዳውን ሲደግፍ ከአገሪቱ 17 መሮጫዎች 11ዱ የሚዘጉ ሆኑ። በዌስት ቨርጂኒያም ውድድሩን በሕይወት ያቆየው የካሲኖው ገንዘብ ነው። በአየርላንድ መንግሥት ለዘርፉ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ድጎማ ይሰጣል። በለንደን ወይም በበርሚንግሃም ወደ አንድ የውርርድ ቤት ጎራ ያለ ሰው ደግሞ በጠዋቱ በስክሪኑ ላይ ውሾች ሲሮጡ ያያል። ከእነዚህ ውድድሮች ብዙዎቹ ባዶ በሚባል ስታዲየም የሚካሄዱት፣ በፈረስ እሽቅድምድሞች መካከል ያለውን ክፍት ሰዓት እንዲሞሉ ነው። አወራራጆቹ አጥንት የማይሰበርበት አማራጭ አላቸው፤ በኮምፒውተር የሚሠሩ ምናባዊ የውሻ ውድድሮች በአፍሪካ ከተሞች ሳይቀር ለውርርድ ይቀርባሉ።

የእገዳው ደጋፊዎች በቂ ትኩረት ያልሰጡት ጉዳይ ካለ በማግስቱ የሚሆነው ነው። በማካዎ ካኒድሮም የተባለው መሮጫ በሐምሌ 2018 ሲዘጋ ከ500 በላይ ውሾች እዚያው ቀሩ፤ ቤት የተገኘላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየአህጉሩ አሳዳጊ ካፈላለጉ በኋላ ነው። ግሬይሃውንድ ሩጫውን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሊኖር ይችላል። በጓዳ አልጋ ሥር ተኝቶ መዋል የሚወድ የዋህ ውሻ ቢሆንም፣ ዕድሜውን በማደሪያ ሳጥን ውስጥ ያሳለፈ በመሆኑ ደረጃ መውጣትንና መስተዋት በርን እንኳ መልመድ ይኖርበታል። በዘርፉ የሚተዳደሩ አሠልጣኞች በበኩላቸው ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው የሚያውቁት ሙያ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሽግግር ጊዜው ለውሾቹ የታሰበውን ያህል ለእነሱም ካልታሰበ የኒው ሳውዝ ዌልሱ ቁጣ መደገሙ አይቀርም።

የዌልስ ረቂቅ ሕግ እገዳው ከሚያዝያ 2027 በፊት እንዳይጀምር፣ ከሚያዝያ 2030ም እንዳያልፍ ይደነግጋል። የኢስትራድ ማናክ ውሾች ባለቤቶች ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የእንግሊዝ ድንበር ከመሮጫው የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም፤ ከድንበሩ ማዶ ውድድሩ ሕጋዊ ነው።