“ያልተነካ” የምትሉት ጫካ

የአዲስ አበባ ወጣት መራመድ ጀምሯል። እሰየው! እሑድ በማለዳ ተነሥቶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ፣ ውሃና ቆሎ ይዞ እንጦጦን፣ መናገሻ ሱባን፣ የረርን የሚወጣው ሰው በዝቷል። እኔም ከሚወጡት አንዷ ነኝና ሃይኪንግን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ጠቤ ከመንገድ ከተመለሱ በኋላ ከሚጻፈው ጋር ነው። ፎቶው ይለጠፍና ከሥሩ “ያልተነካ ተፈጥሮ” ይባላል።

የቱ ነው ያልተነካው?

ባሕር ዛፉ ነው? ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ እንደመጣ እየነገረን? ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው በነበሩበት ዘመን የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ እንጨት አጥሯት ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው፣ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀምረው ነበር። (ያ ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።) ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ይኸው ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነ ዛፍ ነው። የተተከለውም ሊቆረጥ ነው። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አድጎ ደግሞ ይቆረጣል፤ አጠና ይሆናል፣ ማገር ይሆናል፣ የሕንፃ መወጣጫ ይሆናል፣ ይነዳል። ስለዚህ “ጫካ ገባን” የምንለው ቦታ ብዙው የእንጨት እርሻ ነው። የጤፍ ማሳ መሐል ቆሞ “ያልተነካ ተፈጥሮ” የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

መንገዱስ? ከእንጦጦ በቀበና ወንዝ ሸለቆ አድርጋ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርደውን፣ በባሕር ዛፉ መሐል የምትጠማዘዘውን ቀጭን መንገድ ቀያሽ መሐንዲስ አልቀየሳትም። የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች እግር ነው የጠረጋት። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ከሠላሳ ኪሎ የማያንስ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ተመላልሰውባታል። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ደረስን ብለን የምንፎክርበት ከፍታ ለእነሱ ሥራ የሚጀመርበት ቦታ ነው።

አንድ እሑድ ከአንድ የሃይኪንግ ቡድን ኋላ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ሽቅብ ይወጣል፣ ጠና ያሉ እናት ሸክማቸውን ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገዱ ለሁለት አይበቃም። ከመንገድ የወረዱት እሳቸው ናቸው! ሸክማቸውን ወደ ገደሉ አስደግፈው፣ ሠላሳው ባዶ እጁን (ይቅርታ፣ ዱላና ስልክ ይዞ) እስኪያልፍ ቆሙ። አንዱ ሳያስፈቅድ ፎቶ አነሣቸው። ማታ ላይ ፎቶው “ጠንካራዋ ኢትዮጵያዊት እናት” ተብሎ ወጣ። ገጠር ብትሄዱ ሸክም ለያዘ ሰው መንገድ ይለቀቃል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ “አምጪ ላግዝሽ” ይላል። ይህን ወግ ከአያቶቻችን ጋር ቀብረነው ከሆነ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር ባናወራ ይሻላል።

“ጫካውን የሚጨርሱት እኮ እነሱ ናቸው” የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ሰምቼዋለሁ። እስቲ ሸክሙን ተመልከቱት። ብዙው የረገፈ ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ጭራሮ ነው። ግንዱን የሚወስደው መኪና ነው፤ መኪናውን ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሣውም። የአዲስ አበባ እንጀራ ለስንት ዓመት በዚያ ቅጠል ተጋገረ? ቅጠሉን የገዛነው እኛ፣ እንጀራውን የበላነው እኛ፣ የጫካ ጠላት የተባለችው ተሸካሚዋ! ሸክሟን በዘበኛ የተቀማችው፣ ወይም እንዳትቀማ ስትል የዕለት ገቢዋን ያካፈለችው እሷ።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩም ሌላ ነገር አያበቅልም የሚለውን ሙግት ግን እቀበላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መመለሱ ለቀበናም ለሌሎቹም ወንዞች ይበጃል። ታዲያ ችግኙን የሚተክለው፣ ውሃ የሚያጠጣው፣ ከከብት የሚጠብቀው ማን ይሁን? የእያንዳንዱን ሸንተረር ጠባይ በእግሯ የምታውቅ ሴት እያለች?

ወደ ወንዙ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር እንደሚለማ ተነገረን። በዚያው ዓመት በግንቦት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ገበታ ለሸገር ተዘረጋ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶች የሚሠሩበት የለሚ እንጀራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ይህ የመጨረሻው በጎ ነገር ነው፤ በጎውን በጎ ማለት አያስከፍልም። ግን ሥራው ያልደረሳት ዛሬም ትወጣለች፣ ዛሬም ትወርዳለች። ወንዝ ዳር ቤቱ ፈርሶበት ከከተማ ዳር የሰፈረውም አዲሱን የእግረኛ መንገድ ለማየት ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት።

የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ለእኔ ከላይ እስከ ታች የማይቆረጥ መንገድ ነው። እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የጀመረ ሰው ውሃውን ተከትሎ፣ አጥር ሳያዞረው፣ በር ላይ ቦርሳው ሳይፈተሽ፣ ካፌ ካልገባህ አትቀመጥም ሳይባል አቃቂ መድረስ አለበት። እዚያ ሲደርስ ውሃው ከላይ ያየው ውሃ አለመሆኑን በአፍንጫው ያውቃል፤ በዚያ ውሃ የሚለማውን ጎመንም በዓይኑ ያያል። መንገዱ በየመናፈሻው ከተቆራረጠ ግን እያንዳንዳችን የተዋበችዋን ቁራጭ ብቻ አይተን እንመለሳለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፤ ርካሽ ነው። በየቁልቁለቱ በወገብ ቁመት የድንጋይ መደብ ይሠራ። ሸክም ያዘለ ሰው መሬት ላይ ከተቀመጠ ያለ ረዳት መነሣት ያቅተዋል፤ ጀርባውን አስደግፎ ቆሞ የሚያርፍበት ነገር ነው የሚፈልገው። ለፎቶ ማንሻ የልብ ቅርጽ ያለው ብረት ማቆም የቻለ በጀት ለዚህ አያንስም።

እናንተ የሃይኪንግ አዘጋጆችም ከክፍያ፣ ከመነሻ ሰዓትና ከቲሸርቱ ቀለም ጋር የምትልኩት የመመሪያ ዝርዝር አለ። “ቆሻሻ አትጣሉ” ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ጨምሩበት፦ ሸክም ለያዘ ሰው ከመንገድ ውረዱ፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። ለሚቀጥለው እሑድ ይደርሳል።