ጠያቂ ያጣ ሐዘን

ይድረስ ለረዥም ተከታታይ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ደራስያንና አዘጋጆች፤

ከዘመን ወደ ዘመን የሚሻገር መርከብ፣ ሊሞት ሲል መልኩን ለውጦ የሚነሣ ጀግና፣ በካርታ ያልሰፈረ ዓለም ብታሳዩኝ ያለ ክርክር ተቀብዬ እመለከታለሁ፤ ነገር ግን ልጇን የተነጠቀች እናት በሳምንቱ ምንም እንዳላገኛት ሆና ስትመላለስ ባየሁ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ተአምር በየዋህነት ያመነው ልቡናዬ በዚህች በትንሿ ነገር ይሰናከላል።

ነቀፌታዬ በደፈናው እንዳይሆን አንዱን ሥራችሁን ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በታየው በእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ስድስተኛ ምዕራፍ፣ ኤሚ ፖንድ የወለደቻት ሕፃን ሜሎዲ በጠላት እጅ ትወድቃለች፤ አባቷ ሮሪና ዶክተሩ ጭፍራ አስከትለው ዘምተው ያስመለሷት መስሏቸው ሲደሰቱ፣ ዶክተሩም የራሱን የሕፃንነት አልጋ ሳይቀር አውጥቶ ሲሰጣት፣ ታቅፈዋት የነበረችው እውነተኛይቱ ሕፃን ሳትሆን በጥበብ የተሠራች አምሳያ ኖራ በእናቷ ክንድ ላይ ፈሳሽ ሆና ትቀራለች። ከ12 ሳምንት ዕረፍት በኋላ በተላለፈው ክፍል፣ ያቺ ልጅ አብራቸው ያደገች ባልንጀራቸው፣ ኋላም ሪቨር ሶንግ የተባለችው ሴት መሆኗ ይገለጥላቸዋል። በቀጣዩ ሳምንትስ? ሌሊት የሚያስፈራው አንድ ሕፃን ልጅ ወላጆቹ እንዳይጥሉት ሲሰጋ፣ በመጨረሻም አባቱ እቅፍ አድርጎ ሲያጸናው የሚያሳይ ታሪክ ቀረበ። ኤሚና ሮሪ እዚያው ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ስንኳ ስለ ሜሎዲ ትንፍሽ አይልም።

የዚህ ምሥጢር የታወቀ ነው። ያ ክፍል አስቀድሞ ለምዕራፉ የመጀመሪያ እኩሌታ የታሰበ ነበር፤ ከሌላ ክፍል ጋር ቦታ ተለዋውጦ ወደ ኋላ ተዛወረ። ስለዚህ ሐዘኑ ሳይደርስ የተሰናዳው ታሪክ ሐዘኑ ከደረሰ በኋላ ታየ ማለት ነው። እኔም የምነቅፈው ይህን የአሠራር ልማድ ነው፦ ክፍሎቹን እንደ ጆንያ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ስታግዙ፣ በውስጣቸው ያለው ሰው ባለፈው ሳምንት ምን እንዳገኘው የሚጠይቅ አንድ ሰው በደጃፉ አታቆሙም።

«ልጂቱ ተገኝታለች፤ ስለ ምን ያዝናሉ?» ትሉኝ ይሆናል። ጡት ያላጠቧት፣ ዳዴ ስትል ያላዩአት ልጅ ትልቅ ሴት ሆና ብትመጣ፣ ደስታው ሐዘኑን አይሽረውም። ይህንንም እናንተው ታውቁታላችሁ፤ በምዕራፉ መደምደሚያ ኤሚ ልጇን የነጠቀቻትን ሴት ስለዚያች ሕፃን ስትበቀላት አሳይታችኋልና። ታዲያ ያ ቁስል በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ወዴት ሄዶ ነበር?

እኔ ሙሾ አላዘዝሁባችሁም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ እንደ ተጻፈው፣ ንጉሥ ዳዊት ሕፃኑ ሲታመም በምድር ላይ ተኝቶ ይጾም ነበር፤ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱንም ለወጠ፣ ማዕድም ቀርቦለት በላ። ከእናንተ አንዱ ቢጽፈው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ጸሐፊው ግን አሽከሮቹ ተደንቀው ምክንያቱን እንዲጠይቁት አደረገ፤ ንጉሡም መለሰ። በአገራችን ሰልስት፣ ዐርባና ሙት ዓመት የተሠሩትም ሐዘንተኛው እንዲያለቅስ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ መጠየቂያ ቀን እንዲያገኝ ይመስለኛል (ይህ የኔ ግምት ነው፤ ሊቃውንቱ ሌላ ምሥጢር ይሰጡት ይሆናል)።

ሲሻችሁ ሐዘንተኛውን እንዲህ መጠየቅ እንደማይሳናችሁ ምስክር አለኝ። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተባለው ድራማ የመርከቡን አዛዥ ካፒቴን ፒካርድን ቦርግ በተባሉ ጠላቶች እጅ ጥሎ በገዛ ወገኖቹ ላይ መሣሪያ አደረገው፤ ከዳነ በኋላ ግን ወደ ሌላ ኮከብ ከመገስገስ ይልቅ ሮናልድ ሙር በጻፈው ክፍል ፈረንሳይ አገር ወዳለው ወደ ቤተ ሰቡ የወይን እርሻ ተመለሰ። እዚያም ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ተጣልቶ፣ ጭቃ ለጭቃ ተንከባልሎ፣ ስቆም አልቅሶም፣ ጠላቶቹን ሊገታ ባለመቻሉ የተሰማውን እፍረት ተናዘዘ። በ1996 ግን በዚያው በ«ስታር ትሬክ» ስም በሚጠራው በሌላው ድራማ በ«ዲፕ ስፔስ ናይን»፣ ኦብራየን የተባለው ገጸ ባሕርይ የሃያ ዓመት እስር በጥቂት ሰዓት በአእምሮው ተጭኖበት፣ ራሱን ሊያጠፋ እስኪቃጣ ድረስ ደርሶ ሳለ፣ በተከታዮቹ ሳምንታት ያ ሁሉ ዘመን እንደ ጉም በነነ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። የአንዱን ክፍል ቦታ በምትለውጡበት ቀን፣ ከመላካችሁ በፊት ባለፈው ክፍል ማን ምን እንዳጣ የሚያነብላችሁ አንድ ሰው አስቀምጡ። እርሱም ብዙ አይጠይቃችሁም፤ ሮሪ በዚያ ባዶ የሕፃን አልጋ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ለአፍታ ቢያሳርፍበት፣ ኤሚም አይታው ዝም ብትል፣ ሌላው ታሪካችሁ አንዳች ሳይነካ እንዳለ ይሄድ ነበር።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ተመልካች