ቀለሃ የሞላ እጅ

የሽጉጥ ጥይት በቤት መሙላት ካልጀመርን የሚሉ ወጣቶች አዳማም ደርሰዋል። ፍራንኮ አካባቢ ቡና እየጠጣን፣ አንድ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ የተተኮሰ ቀለሃ ያጸዳል፤ በእጅ በሚጫን ማሽን ቅርጹን ይመልስለታል፤ ባሩድና እርሳስ ከትቶ አዲስ ጥይት አድርጎ ያወጣዋል። «ጋሼ፣ ይህን ማሽን እኮ እኔ እሠራዋለሁ» አለኝ። እንደሚሠራው አልተጠራጠርኩም። ያበሳጨኝም ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ እጅ እዚህ ነገር ላይ ሊውል መሆኑ።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት የሚሠራ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ አለቀ። አሜሪካ ይፈቀዳል የሚለው ክርክርም አያስኬድም። እዚያ ባሩዱም፣ ልኩን የሚነግረው መጽሐፍም የሚገዛው ከሱቅ ነው። እንዲያም ሆኖ ጣቱን ያጣ፣ ዓይኑን ያጣ አለ። የሽጉጥ ቀለሃ ውስጥ የሚገባው ጭስ አልባ ባሩድ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ሞልቶ አይፈስም። ስህተቱ የሚታወቀው ሽጉጡ እጅ ላይ ሲፈነዳ ነው። ባሩዱ ሲያንስ ደግሞ እርሳሱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይቀርና ቀጥሎ የሚተኮሰው ከኋላው ይደርስበታል። በዚያ ላይ እርሳስ የሚቀልጠው ልጆች በሚድሁበት ግቢ ነው። የእርሳስ ብናኝ የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ ማንም ሐኪም ይነግራችኋል።

ይህ ሙያ ግን ከስልክ የመጣ አይደለም። ውጅግራን አስቡ፤ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የታጠቁት፣ ከዓድዋ በፊትና በኋላ አገራችንን የሞላው ጠመንጃ ነው። ቀለሃው ወፍራም ናስ ነው፤ ተተኩሶ አይጣልም ነበር። እየተለቀመ፣ አገር ቤት በተወቀጠ ባሩድና በቀለጠ እርሳስ እንደገና ይሞላ ነበር። ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ከአሞሌ ጎን ለጎን ይመነዘር ነበር። ለባሩዱ ድኝ ያስፈልጋል፤ ድኙም ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ይገኝ ነበር፤ ከአዋሽ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ እስከ ዛሬ ከሚጨሰው ከዶፋን ተራራ። ከ1928 እስከ 1933 ባሉት የአርበኝነት ዓመታት ጥይት በጠፋ ጊዜ፣ ባዶ ቀለሃ ለቅሞ መመለስ የአንድ ቤት ልጆች ሥራ እንደነበረ ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቻለሁ። ያኔ የሚሞላው አገር ስለተወረረ ነው። የዛሬው ግን ለሰርግ ነው፤ ሽጉጥ ወደ ሰማይ አንስቶ እልል ለማስባል።

ቀለሃውን ይሞላ የነበረው ማን ነው? እዚህ ላይ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች የምሄድበትን ያውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ተነታርከንበታል። የተኮሰው ፎከረ፤ ተዘፈነለት፤ ማዕረግ አገኘ። ብረቱን ያቀለጠው፣ የጠመንጃውን ምላጭ የጠገነው፣ ባሩዱን የመጠነው ግን «ቡዳ» ተባለ፤ ልጁን የሚያገባለት ጠፋ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲሠራ አፄ ቴዎድሮስን እናውቃለን፤ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን እናውቃለን። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት ያገሬ ሰዎች ስም የታለ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። አልተነቀለም። «ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው» ብሎ የተላኩ ሽማግሌዎችን ባዶ እጃቸውን የመለሰ ቤተሰብ እዚሁ አዳማ አውቃለሁ።

ልጁን ከዚህ ሁሉ ምን ይጠቅምሃል ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ አልለቀቀኝም። «ጋሼ፣ ሰርግ ላይ የተኮሰ ሰው ይከበራል። እኔ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ስቀርጽ ባድር ማን ያየኛል?»

እኔ አየዋለሁ። ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ በመስኖ ወቅት ሲሰበርበት፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ማሳው ይደርቃል። ሞተሩን በጋሪ ጭኖ የሚሮጠው ወደ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ነው፤ ልጁም በአንድ ሌሊት ቀርጾ ይሰጠዋል። የባጃጁን፣ የወፍጮውን፣ የሲኖትራኩን ሁሉ የሚያስነሳው እሱ ነው። አዳማ ትራክተር የሚገጣጠምባት ከተማ ናት፤ ቴክኖሎጂ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ታዲያ ይህን ልጅ በስሙ ጠርቶ የሸለመው ማን ነው? የሩጫ አሸናፊ በአበባ ስንቀበል አንድም የቶርኖ ባለሙያ መድረክ ላይ ሲወጣ አላየሁም። ቀለሃ መንካት ለሚያምረውም መልካም ሥራ አለ፦ እንጦጦ ላይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች የጥይት ቀለሃ አቅልጠው የአንገት ጌጥ ዶቃ ያወጣሉ፤ ሸጠውም ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በሥራቸው ፈጽሞ የሚያፍሩ አይደሉም።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ለአርበኛ ቀለሃ ይሞላ፣ ጠመንጃ ይጠግን፣ ባሩድ ይወቅጥ የነበረ ካለ ስሙንና አገሩን ጽፋችሁ ላኩልኝ። በዚህ ዓምድ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። የቶርኖ ቤቱ ልጅም እንዲያነበው ጋዜጣውን ራሴ እወስድለታለሁ።