የቀሉ ስላይዶች

ከሮቤ የጻፉልን አንዲት እናት፣ ሟች ባለቤታቸው ከቤተሰቡ ጋር ለአረፋ ዝያራ ድሬ ሼክ ሁሴን ሄደው ያነሷቸው ስላይዶች በርበሬ የተነሰነሰባቸው መስለው መቅላታቸውን ነግረውን፣ “ይጣሉ ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። እንዳይጥሏቸው! ፎቶዎቹ ታመዋል እንጂ አልሞቱም።

የቀለም ስላይድ በፊልሙ ላይ ሦስት ቀለሞች ተደራርበውበታል፦ ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን። በቀደምት የኤክታክሮም ፊልሞች ላይ ሲያኑ በሣጥን ተዘግቶ እንኳ ቀድሞ ይደክማል፤ ቀይ የሚመስለው ለዚያ ነው። ኮዳክሮም ደግሞ በጨለማ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል፤ የሚጎዳው በፕሮጀክተር ብርሃን ፊት ብዙ ሲቆም ነው። የትኛው እንደሆነ ክፈፉ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

አቧራውን በጎማ መንፊያ ብቻ ያራግፉ። ጥጥና አልኮል የእኛ የነርሶች ልማድ ነው፤ የቤቱ አልኮል ግን ውሃ ስላለበት ስላይድ ላይ አይውል። የወረቀት ስካነርም አይሆንም፤ ብርሃኑ በፊልሙ ውስጥ ማለፍ አለበት። ምስሉ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በኢንች 3000 ወይም 4000 ነጥብ እንዲነሳ ይጠይቁ። መጀመሪያ የተነሳውን ምስል ሳይነኩ ያስቀምጡት፤ እርማቱ በቅጂው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። “ራስ-ሰር ማስተካከያ” የሚለውን ቁልፍ አልወደውም። ቀዩን አጠፋለሁ ሲል የሰውን ፊት አመድ ያስመስላል፣ አለዚያም ያነጣዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ድሮ የኮዳክ ማተሚያዎች ቀለም የሚለኩት በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። እኛ ደም ማነስን ስንፈትሽ የፊትን ቀለም ብቻ አናምንም፤ መዳፍና የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን እናያለን። እዚህም የታወቀ ነገር ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ስላይዶች ደግሞ አላቸው። የሼክ ሁሴን ግንብና ጉልላት ነጭ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ያገኘውን፣ ግን ያልተቃጠለውን ግድግዳ ይምረጡና ማስተካከያው “ይህ ነጭ ነው” እንዲባል ያድርጉ። ጥላ ውስጥ ያለውን አይምረጡ፤ የሰማዩን ሰማያዊ ይይዛል። የማታ ፀሐይ የነካውም ወርቃማ ነው፤ ያንን ወርቅ ማጥፋት ምሽቱን ማጥፋት ነው። ዓይንና ጥርስን ለነጭ መለኪያ አይጠቀሙ፤ ዕድሜ ሁለቱንም ቢጫ ያደርጋቸዋል።

ግድግዳው ከተስተካከለ በኋላ ልብሱ ይቀራል፤ እሱን የሚያውቁት አማትዎ ናቸው። ማሽኑ የቀረውን ቀለም ያጎላል እንጂ ፈጽሞ የጠፋውን ሊያመጣ አይችልም። ሻሻቸው አረንጓዴ ነበር ወይስ ሰማያዊ? ዱላ የያዙት ሐጃጅስ ማን ናቸው? የልጅ ልጆቹ ስክሪኑን እያሳዩ ይጠይቋቸው፣ የሚሉትንም ከፎቶው ስም ጋር ይጻፉት። ዓይናቸው በሞራ ከተሸፈነ ግን፣ ቀለሙን ከመጠየቅ በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዷቸው፤ የዓይን ሞራ ራሱ ሰማያዊን ያደበዝዛል።