የገዛ ቤታችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የበሩን ቁልፍ ያስለውጣል። የቀድሞው ተከራይ ሌባ ነው ብሎ አይደለም፤ ቁልፉ በስንት እጅ እንደ ዞረ ስለማያውቅ ነው። ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን ኢንተርኔት ወደ ቤቱ ሲያስገባ፣ ራውተር የሚባለውን ትንሽ ሣጥን ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የይለፍ ቃል እንዳለ ይተወዋል። ነገሩ የሚያሳስብ ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ራውተር ከውጭ የመጣውን አንድ መሥመር ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ፣ ለስልኩና ለቴሌቪዥኑ የሚያካፍል፣ ለእያንዳንዳቸውም የአድራሻ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራውን ዕቃ ብዙዎቻችን ብፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር እንቆልፍበታለን፤ ወይም ዳንቴል አልብሰን ከቴሌቪዥኑ ኋላ እንሸሽገዋለን። ከዚያ በኋላ በጓዳ የተቀመጠው ተማሪ ትምህርቱን መክፈት ሲያቅተው «ኔትወርክ የለም» እንላለን። የሸሸግነው ግን እኛው ነን። የራውተር ሞገድ በግንብ ሲያልፍ ይደክማል፤ ብረትም ይመልሰዋል። ስለዚህ ከቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ ሥፍራ ማኖር ይገባል። ሁለት ዓይነት ሞገድ ያለው ከሆነ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፍጥነቱ ቢያንስም ራቅ ወዳለው ክፍል ይደርሳል፤ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ በቅርብ ላለው ይፈጥናል።

ዋናው ቁም ነገር ግን የቁልፉ ጉዳይ ነው። ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ለእንግዳ የምንነግረው የዋይፋዩ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ገብቶ ሥርዓቱን ሁሉ ለመለወጥ የሚያስችለው የአስተዳዳሪው ቃል ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለውጦ ሁለተኛውን ይረሳል። ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ60 የሚበልጡ የፋብሪካ ቃላትን እየሞከረ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ራውተሮችንና ካሜራዎችን ማርኮ፣ በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋርጧል። ቤቱን ያልዘጋ ሰው ጉዳቱ ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

«ጎረቤት ቢጠቀምበት ምን ይጎዳኛል?» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ለጎረቤት ማካፈል መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ መሥመር ስላላቸው፣ እንግዳን በሳሎን እንጂ በመኝታ ቤት እንደማናስተናግድ ሁሉ በዚያው ማስተናገድ ይቻላል።

ሌላው ሰው ደግሞ ስለ ቃሉ ሲጠየቅ «ልጁ ያውቀዋል» ይላል። ልጁ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ግን ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የእኛ የወጣቶቹም ነው። የተማርነውን ትንሽ ነገር እንደ መድኃኒት ቀማሚ ደብቀን፣ ያስተማሩንን ወላጆች ለአንድ ቃል ደጅ እናስጠናቸዋለን። ዕውቀት ለቤተ ሰብ ካልተካፈለ ምኑ ላይ ነው ጥቅሙ?

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቤተ ሰብም በቡና ዙሪያ ይሰበሰባል። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ሁለቱም ቃላት ይለወጡ፤ በደብተርም ይጻፉ። ደብተሩን ግን ልጁ ሳይሆን እናቲቱ ትያዘው እንላለን።